ጀልባ ውኃ ላይ ሳለ

በ1975 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በማታው ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ስንማር ኑርሑሴን የሚባል ነጋዴ አብሮን ነበር። ከጎርጎራ ጤፍ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ አቡጀዲና ጨው በጀልባ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። የሚስቱ የሀቢባ ወንድም ጣና ላይ ከቀረ ወዲህ ግን ሀቢባ፣ «ከእንግዲህ ውኃ ላይ ከወጣህ የአባቴ ቤት አይጠፋኝም» ብላዋለች። በወደቡ የግምጃ ቤት ጠባቂነት ቦታ ተገኝቶለት ነበር፤ የጎደለው የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ብቻ ነው። ያም በአማርኛ ምክንያት አንድ ጊዜ አምልጦታል።

ዘይቤ አይቸግረውም። መምህራችን ወይዘሪት ፀሐይወርቅ ተነጻጻሪ ዘይቤ አምጡ ሲሉን፣ «የሀቢባ ዝምታ እንደ ራሰ የጨው ጆንያ ይከብዳል» ብሎ አስቆናል። ሰውኛ ሲሉ፣ «ጣና ዛሬ አኩርፎ ዋለ» አለ። የሚቸግረው ታሪክ መተረክ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና እያንዳንዳችን የደረሰብንን ቆመን እንድንተርክ ነው። መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ መፍትሔ፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ተጽፈዋል። ኑርሑሴን ተነሣ።

«ከጎርጎራ ጤፍ ጫንሁ። ቁንዝላ አደርን። በማግስቱ ባሕር ዳር ገባን፤ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተቀመጠ።

«ግጭቱ የታለ፣ አቶ ኑርሑሴን?»

«የለውም።»

«ነጋዴ አይደል፤ ደብቆ ሊያስወድደው ነው» አለ ከኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ አንዳርጋቸው። ተሳቀ።

«በዚያ ጉዞ ማዕበል አግኝቷችሁ እንደነበር ወደቡ ሁሉ ሲያወራ አልነበር እንዴ?» አሉ መምህሯ።

«አግኝቶን ነበር።»

«ታዲያ እሱን ይንገሩና!»

በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተ። በእነሱ ቤት ሰው ውኃ ላይ ሳለ የማዕበል ወሬ አይነሣም፤ ወሬው ጀልባውን ይከተላል ይላሉ። ታናሽ ወንድሙ ሙሀመድየሱፍ ደግሞ የዚያን ዕለት ጧት ከጎርጎራ ተነሥቷል።

«ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ላውራው» አለ።

«ውጤት የሚዘጋው ዛሬ ነው።»

ሰሌዳውን አየና እንደገና ተነሣ።

«እንግዲያው ሌላ አለኝ። መቼቱ ይኸው ክፍል፣ አሁን። ገጸ ባሕርይው እኔ ነኝ። እንዳላወራ ወንድሜ ውኃ ላይ ነው። ዝም እንዳልል ወረቀቱ ይቀርብኛል፤ ወረቀቱ ከቀረ እኔም ተመልሼ ውኃ ላይ ነኝ፣ ሀቢባም አባቷ ቤት ናት። ግጭት ካላችሁ እንግዲህ ይኸው።»

«ጡዘቱስ?»

«እርስዎ ብዕሩን ይዘው ሲያዩኝ።»

አንዳርጋቸው እንኳ አልሳቀም።

«መፍትሔውስ?»

«እሱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ መምህር።»

ወይዘሪት ፀሐይወርቅ አቀርቅረው ጻፉ። ኑርሑሴን አለፈ። ሙሉውን ግን አልሰጡትም፤ መፍትሔውን ማምጣት ያለበት ተራኪው ነው አሉ።

ጀልባዋ በማግስቱ በደኅና ገባች። ማታ ወረቀታችንን ልንቀበል ስንሰበሰብ አንዳርጋቸው፣ «በል እንግዲህ፣ ኑሬ፣ የማዕበሉን አምጣው» አለው።

«ጀልባዋ ሐሙስ እኮ ወደ ጎርጎራ ትመለሳለች» አለ ኑርሑሴን።

ግምጃ ቤቱን ደርግ እስኪወርድ ድረስ ጠበቀ፤ ሀቢባም ምሳውን እያመጣችለት ከበሩ ጥላ ሥር አብራው ትቀመጥ ነበር። ባለፍሁ ቁጥር ስለዚያ ማዕበል እጠይቀው ነበር። መጀመሪያ አንገቱን አውጥቶ ወደ ሐይቁ ያይ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ጀልባ አይታጣም።