የጋሽ ፍሬን ድል

ጋሽ ፍሬን ይህን ስም ያገኙት መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ነው። የማሰልጠኛዋ መኪና በእሳቸውም በኩል ፍሬን አላት፤ ተማሪው ገና ለመሳሳት ሲያስብ እሳቸው ቀድመው ይረግጡታል። ስሙን ያወጣላቸው ግንባሩን ያጋጨ ተማሪ መሆኑ አያጠራጥርም። ስሙም እያደር ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ፤ ባለቤታቸው እንኳ ሲናደዱ «ፍሬን» ነው የሚሏቸው።

ማታ ማታ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴሌቪዥኑ ላይ የመኪና ውድድር ይጫወታሉ። ልጅቱ ኮሌጅ ገብታ እስክትመረቅ አንድም ቀን አሸንፈዋት አያውቁም። ምክንያቱን ከእሳቸው በቀር የማያውቅ የለም፤ በየኩርባው ፍሬን ይይዛሉ። እሳቸው ግን ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው፣ መሪው ወደ ግራ ይስባል ባይ ነበሩ። እውነትም ይስብ ነበር። ልጅቱ ጭቅጭቅ ስለማትወድ ደህነኛውን ሰጥታቸው የሚስበውን ለራሷ ወሰደች። በዚያም አሸነፈቻቸው።

ታዲያ ልጅቱ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘችና እሁድ ልትሄድ ሆነ። ጋሽ ፍሬን መረቋት፣ አቀፏት፣ ወዲያው ግን አንድ ነገር አንገበገባቸው፤ ሳያሸንፏት ልትሄድባቸው ነው። በአንካሳ ጆይስቲክ የምትጫወት ልጅ ማሸነፍ ደግሞ ለእሳቸው ውርደት ነው። ስለዚህ ድሉ ድል እንዲባል በቅድሚያ የእሷ ጆይስቲክ መጠገን አለበት አሉ።

ዓርብ ከሥራ ሲመለሱ ከአንድ ጠጋኝ ተመሳሳይ የሞተ ጆይስቲክ ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በትንሿ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈቱ። ሽፋኑን ገና ላላ ከማድረጋቸው አንዲት ሞላ ተስፈንጥራ ቁምሳጥኑ ሥር ገባች። ባለቤታቸው ከኩሽና ብቅ ሲሉ የታያቸው ወለል ላይ የተዘረጋ ሁለት እግር ብቻ ነበር። ደህና መሆናቸውን ጠየቁ፤ ከቁምሳጥኑ ሥር «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል መልስ መጣ።

አውራ ጣት የሚያርፍባት መሪ የተያዘችው በሁለት ብሎንና በአንዲት ጠፍጣፋ ገመድ ነበር። ያረጀችውን ነቅለው በምትኳ የሞተውን ጆይስቲክ መሪ ተከሉ። ዕቃ መጣል ስለማይሆንላቸው ያረጀችውን በክብሪት ቤት አድርገው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጧት። ሲሞክሩት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው መኪና ቀጥ ብላ ሄደች።

ልጅቱ መጠገኑን ስትሰማ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ጨዋታው ተጀመረ። በመጀመሪያው ኩርባ የእሷ መኪና የቀኙን ግድግዳ ገጨች። በሁለተኛውም እንዲሁ። ጋሽ ፍሬን በየኩርባው ፍሬን እየያዙ፣ ሽማግሌ እንደጫነ ታክሲ ዝግ ብለው አልፈዋት ቀድመው ገቡ። ድገሚ አሏት፤ ደግመው አሸነፉ።

ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ልትሄድ ስትል ምን አደረግህባት?»

መጠገን ብቻ እንደሆነ ማሉ፣ ተገዘቱ። በማሉ ቁጥር ይበልጥ ሌባ መሰሉ። ሌላ ጊዜ ቢጎትቷት ከሶፋው የማትነሳው ልጅ ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀምጣ ሻንጣዋን ልታሰናዳ ገባች።

ጋሽ ፍሬን ከነድላቸው ብቻቸውን ቀሩ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ወደ ግራ የሚስብ መኪና የለመደ እጅ ሳይታወቀው ወደ ቀኝ ይይዛል፤ ደህና መኪና ስትሰጠው ገደል ይገባል። ይህን ለስንቱ ተማሪ ሲለፈልፉ ኖረው በገዛ ሳሎናቸው ረሱት። ጎናቸው ያለው የሶፋ ቦታ እሁድ ሳይደርስ ባዶ ሆነ።

ቅዳሜ ልጅቱ አክስቷን ልትሰናበት ስትወጣ ጋዜጣውን እንደገና አነጠፉ፣ የክብሪት ቤቷንም ከመሳቢያው አወጡ። ባለቤታቸው አይተው «አሁን ደግሞ ምን ልታበላሽ ነው?» አሏቸው።

«አዎ፣ ላበላሽ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

ማታ አንድ ዙር እንድትጫወታቸው ለመኗት። እምቢ ማለት ከብዷት ተቀመጠች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ የለመደውን አገኘ። ዞር ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። በዚያ ዙር አሸነፈቻቸው፣ በቀጣዩም አሸነፈቻቸው። እናቷ እራት ቀርቧል ብለው ቢጣሩ የሚሰማ ጠፋ።

«አባዬ፣ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ» አለች ትከሻቸው ላይ ተደግፋ እየሳቀች።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጆይስቲኩ ነው» አሉ፣ ምንም እንከን የሌለበትን ጆይስቲክ እያገላበጡ። «ተመልሰሽ እስክትመጪ አስጠግነዋለሁ።»