ሞተሩ እስኪበርድ

ከጀማል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ሁለት መኪና ማወዳደር ነበር። ከዳር ሰዓድ ወደ ላሕጅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሐራጅ እንለዋለን። የከሰዓት በኋላውን የአስር ሰላት ሰግደን ሄድን። መኪናዎቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለዋሉ በራቸው ሲከፈት የጋለ ፕላስቲክና የጎማ ሽታ ፊት ይመታል። ዛሬም ያ ሽታ ከየትም ሲመጣብኝ እጄ ሳላዘው የአባያዬን ጫፍ ይሰበስባል። መኪና ውስጥ የምገባ ይመስለዋል።

ጀማል ባሌ ነበር። ባሌ ከመሆኑ በፊት ግን የልጅነት ጎረቤቴ ነበር፤ ስለ እሱ ሳስብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣልኝ አጥር ላይ ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዘው ልጅ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ መኪናዎቹን ልጨርስ።

በጦርነቱ ጊዜ የነበረችንን መኪና ካጣን ወዲህ ብዙ ዓመት በሚኒባስና በእግር ኖረን ነበር። ያን ሰሞን ግን ኢንማ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ሐሊማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበርና ጀማል እንቅልፍ አጣ። ወደ እሷ በሚወስደው መንገድ ላይ አሸዋ ይነፍሳል፤ ዝናብ የዘነበ ቀን ደግሞ ጎርፉ አስፋልቱን ይዞት ይሄዳል። «ዳብል ነው የሚያስፈልገን» ይል ነበር፤ አራቱም ጎማ የሚስብ ማለቱ ነው። ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምረውን ቱርቦ ግን ለሐሊማ ብሎ የፈለገው አልነበረም። እሱ የራሱ ጉዳይ ነበር።

ሁለቱም መኪናዎች ዳብል ነበሩ፤ ሁለቱም ቱርቦ ነበራቸው። አንደኛዋ ሰማያዊ፣ መሬት የምትስም ዝቅ ያለች፣ ከኋላዋ ክንፍ የመሰለ ነገር የተተከለባት ናት። ሁለተኛዋ ብርማ፣ ከፍ ያለች፣ ኋላዋ ሰፊ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ቱርቦ አላት ብለው የማይጠረጥሯት ናት። የሐራጁ ሰው ሳሊም ጀማልን ከዱሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በልጁ ስም ይጠራዋል።

«አቡ ሐሊማ፣ ሰማያዊዋ ያንተ ናት። ብርማዋን ለጡረተኛ ተዋት» አለው።

«እኔስ ምንድን ነኝ?» ጀማል ሽበቱን በጣቱ አሳየው።

«አንተማ ጢምህ ብቻ ነው ጡረታ የወጣው።»

መጀመሪያ ሰማያዊዋን ይዘን በጨው ማውጫው ሜዳ መሐል ወደሚያልፈው ቀጥ ያለ መንገድ ሄድን። ነዳጁን ሲረግጠው ትንሽ ዘገየች፤ ከዚያ ቱርቦው ሲነቃ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝና ቢስሚላህ ማለት ጀመርኩ።

«ፉጨቷን ሰማሽ ዘሙ?»

«የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ቀስ በል!»

ሳቀ። በመሪው ላይ ያለው እጁ የወጣት እጅ ሆኖ ነበር። ጥምዝ ላይ መኪናዋ መንገዱን ጥፍር እንዳላት ያዘችው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ወደድኳት። ሼኽ ዑስማን ገበያ ስንገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሕዝቡ መሐል እየቆመች ስትነሳ አንገታችንን ነቀነቀችው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤን ነዘረኝ፤ ጉብታው ላይ ሆዷ ሲፋቅ ጀማል የራሱ ቆዳ የተፋቀ ይመስል ጥርሱን ነከሰ። ብርማዋ በጨው ሜዳው እንደዚያ አልበረረችም። ቱርቦዋ ግን ቶሎ ይነቃል፤ ገበያው መሐል ደግሞ አህያና ጋሪ እያሳለፈች በትዕግሥት ሄደች። አሸዋ አስፋልቱን በሸፈነበት ቦታ ላይ ሰማያዊዋ በአፍንጫዋ እያረሰች ነበር የወጣችው፤ ይቺ ከፍ ብላ ተሻገረችው።

«ስትሮጥ ሁሉም ታምራለች» አለ ስንመለስ። «ጠባይዋ የሚታወቀው ስትቆም ነው።»

ሐራጁ ጋ ደርሰን ሞተሩን አላጠፋም። ወረደና መዳፉን ኮፈኗ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሰማያዊዋም ላይ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ሳሊም ቤንዚን ሊያልቅበት ስለሆነ አጉረመረመ፤ እኔ ግን ያን አቋቋም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር።

የተወለድነው ብሬቃ ነው፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ሰፈር፣ ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች። ወላጆቻችን ከደሴ ባሕር ተሻግረው የመጡ ነበሩ። የጀማል አባት የነዳጅ ቦቴ ይነዱ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚህ በዐረቦች አገር ወግ ዓም ኑሩ ይላቸዋል፣ አጎት ኑሩ ማለት ነው። ከሩቅ መንገድ ሲመለሱ ቦቴውን በራችን ላይ ያቆሙና ሞተሩን ሳያጠፉ ይቀመጣሉ። የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይነካካሉ፤ የናፍጣው ጭስ ከደረቀ ዓሣና ከባሕሩ ሽታ ጋር ተደባልቆ ቤት ይገባል። እናቴ «ይኼ ሰውዬ አይወርድም እንዴ!» ትላለች። እኔም አንድ ቀን ወጥቼ አጥር ላይ የተቀመጠውን ጀማልን «አባትህ ለምን አያጠፉትም?» ብዬ ተቆጣሁት።

የአዋቂ ድምፅ አወጣ። «ቱርቦ ስላለው ነዋ! በጭሱ የምትሽከረከር ትንሽ ፋን ናት። መኪናው ሲሮጥ እንደ ፍም ትግላለች። ድንገት ካጠፋሽው ዘይቱ ይቆማል፣ እሷ ከነትኩሳቷ ትቀራለች። አንቺስ ሮጠሽ መጥተሽ ወዲያው ብትቀመጪ ልብሽ ምን ይልሻል?»

ልቤ ምን እንደሚለኝ ለማወቅ እስከ ባሕሩ ዳር ሮጬ ተመልሼ አጥሩ ሥር ዘጭ አልኩ። እስኪያመው ሳቀብኝ። ታናሽ ወንድሙ አብዱ እንኳ፣ ገና አፉን ያልፈታው፣ አብሮት ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ አላስቆጣኝም። ሦስታችንም አጥሩ ሥር ተደርድረን እንጠብቃለን። ዓም ኑሩ ከመሪው ኋላ ሆነው፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ፣ በዝግታ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ጀማልን በዓይናቸው ይጠሩታል፤ ወጥቶ ቁልፉን የሚያጠፋው እሱ ነው። ሞተሩ ሲቆም የሚመጣው ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዝምታው ቀጥሎ ከወንበሩ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ፣ የላሕጅ ሐላዋ፣ ይወጣል። አንድ ቀን ጀማል እጄን ይዞ ወደ ላይ ሳበኝና ቁልፉን እኔ እንዳጠፋው ተወልኝ። ስለ እሱ ብዙ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ ይህን ግን እናቱም ሳትቀር ማንም አያውቅም፣ ያገባሁት ያን ቀን ነው።

የዓም ኑሩ ሕግ አንድ ማለፊያ ብቻ ነበረው። አዛን ከተሰማ፣ በርዶም ሆነ ሳይበርድ ሞተሩ ይጠፋል። «ከአላህ ጥሪ በላይ የሚጮህ ብረት የለኝም» ይሉ ነበር። ጀማልም ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ አደረገ።

ሰማያዊዋን ይወስዳል ብዬ ነበር። ብርማዋን ወሰደ። ለምን ብዬ ስጠይቀው የሾፌሩን ወንበር በእኔ ቁመት ልክ ወደ ፊት ሳበና «ያቺን እኔ ብቻ ነኝ የምነዳት። ይህችን አንቺም ትነጃታለሽ» አለኝ። ሙሽሮች ሳለን በዚያው በጨው ሜዳ መንገድ አስተምሮኝ ነበር። «መሪ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ!» ስለው «እጅ አይረሳም» አለ። ወንበሩን ወደ ራሱ ቦታ መለሰና ወደ ቤት ነዳን።

ሳምንት አልሞላም። ከአስር ሰላት በኋላ ለሐሊማ ዓሣ ላድርስ ብሎ ሄደ። ሲመለስ ሰማሁት፤ በሩ ተከፈተ፣ መኪናዋ ግቢ ገባች፣ ቆመች፣ ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ሎሚ ጨምቄ በብርጭቆ አስቀመጥኩለት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቁራዎቹና ሞተሩ ብቻ ነበሩ የሚሰሙት። የበረዶውን ቁራጭ ሎሚው ውስጥ ከተትኩ። በረዶው ቀለጠ። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ተነሣ። ሞተሩ አልቆመም።

ያኔ ነው የሮጥኩት። መዳፎቹ ጭኑ ላይ ነበሩ፤ ራሱን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ኮፈን ላይ እጁን አድርጎ እንደሚያዳምጥ። ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ በቅጽበት ነው፣ ቀድመሽ ብትወጪም ያው ነበር አለ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ግን በቀስታ ይጠይቁኝ ነበር። መኪናው እየሠራ ያን ያህል ሲቆይ አልደነገጥሽም ወይ? እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ያ ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ «ደርሷል፣ አሁን ይገባል» ሲለኝ የኖረ ድምፅ ነው። ሞተሩን እየሰማሁ ሰላም ነበርኩ። ይህ ነው እስከ ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ፤ ያን ያህል ሰላም መሆኔ።

ዒዳዬን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን የሐዘን ጊዜ፣ ከግቢ ሳልወጣ ተቀመጥኩ። ሐሊማ ወለደች፤ ወንድ ነው። አራስ ናትና እሷ መምጣት አልቻለችም፣ እኔም መሄድ አልቻልኩም። ልጁን በስልክ አየሁት። መኪናዋ ግቢው መሐል ቆማ ነበር። በዚህ ሙቀት ካልተነሣች ባትሪዋ ይሞታል ስላሉኝ ጧት ጧት ከቤት ወጥቼ ገብቼ አስነሣታለሁ። ወንበሩ በእሱ ልክ ስለሆነ እግሬ በጫፉ ብቻ ነበር የሚደርሰው። አልነካሁትም። በሩ ተዘግቶ፣ መሪ ይዤ፣ የትም ሳልሄድ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ጧት ድምፁን መታገሥ ያቅተኝና ወዲያው አጥፍቼ እሸሻለሁ። አንዳንድ ጧት ደግሞ ማጥፋት ያቅተኛል።

አብዱ ሊሸጣት ፈለገ። ወንድ ልጅ ስለሌለን በሸሪዓው እሱም ድርሻ አለው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ አናገረኝ።

«እትዬ ዘሙ፣ ወንድሜ የሞተባት መኪና ናት። ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ዳብልና ቱርቦስ ላንቺ ምንሽ ነው? ለገበያ? ኢንማ እኔ አደርስሽ የለም ወይ?»

«መቼ ታደርሰኛለህ?»

«ሲመቸኝ።»

እንዲያ ነበር ነገሩ። እሱ ሲመቸው የልጅ ልጄን አያለሁ፤ ሳይመቸው አላይም። ይህን ልለው ፈልጌ ነበር፤ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

በማግሥቱ ገዢ ይዞ መጣ። ጉንጩ በጫት ያበጠ ወጣት ነው። ከመስኮቱ ፍርግርግ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። ወጣቱ መኪናዋን አወጣት፤ ጎዳናው ላይ ስታጓራ ሰማሁ፤ ሩቅ ሄዳ እያፏጨች ተመለሰች። ግቢ እንደገባ፣ ጎማዋ ገና ሳይረጋ፣ ቀጭ አድርጎ አጠፋት።

«አታጥፋ!» አልኩ። በዒዳ ላይ ያለች ሴት ድምፅ እስከ ጎዳናው ተሰማ።

ወጣቱ ደነገጠ። «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ምን ሆነ?»

«ሮጣ ነው የመጣችው! አስነሣና አቆያት!»

ወጣቱ አብዱን አየው። አስነሣት። አብዱ ወደ ፊት ሄደና ሳያስበው መዳፉን ኮፈኗ ላይ አኖረ። ቆይቶ ራሱንም አስደገፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ገና አፉን ሳይፈታ አጥሩ ሥር ሐላዋ ሲጠብቅ የነበረው ልጅ ነው፤ ስንት ዘመን ሙሉ እንደረሳሁት ያኔ ታወሰኝ። ልጅነታችንን በሙሉ ያን ድምፅ የጠበቅነው ሦስት ነበርን፤ አሁን ሁለት ቀረን።

ወጣቱ ግራ ገባው። «ዓም አብዱ፣ ልግዛ ወይስ አልግዛ?»

አብዱ ቀና ሳይል «ትንሽ ትብረድ» አለው። ከዚያ ፊቱን በሻሹ ጠረገ። «አጥፋና ውረድ፣ ልጄ። ለሽያጭ አይደለችም።» ወደ መስኮቴ ዞሮ «ከድርሻሽ ውስጥ ትገባለች፣ እትዬ» አለ። «ግን ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ዒዳዬ ሲያበቃ ጧት ወጣሁ። ከሁሉም የከበደኝ ወንበሩን ወደ ፊት መሳብ ነበር። ቀጭ ሲል፣ የእሱ ልክ የነበረው ቦታ እንደ ጠፋ አወቅኩ፤ ብመልሰውም ትክክለኛውን አላገኘውም። እጄ ግን እንዳለው አልረሳም። ኬላው ላይ ወታደሩ አንገቱን አስግጎ ዳሽቦርዱን አየ።

«ማሻአላህ! ቱርቦ ናት፣ ሐጃ?»

«ናት።»

«ትሮጣለች?»

«ወደ ልጅ ልጄ ስሄድ ትሮጣለች።»

ሳቀና አሳለፈኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እስከ ኢንማ ድረስ አለቀስኩ።

አሁን ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ። በር ላይ ስደርስ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም። ሐሊማ ድምፁን እንደሰማች ልጇን ታቅፋ ትወጣና ጎኔ ትቀመጣለች። ሲበርድ ቁልፉን አጠፋለሁ፤ አብረን እንገባለን።