ጋሼ እስቲና የደኑ ትንበያ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ያህል ይሆናል? ሥራው ስህተት መፈለግ ለሆነ ሰውማ ጥያቄው ይከብዳል። ስህተቱን ቀድሞ ካገኘው ጥፋቱ አይደርስም፤ ላልደረሰ ነገር ደግሞ ማን ያመሰግናል?

ይህን የሚያሳስበኝ አንድ የቀድሞ ባልደረባችን ነው። ንግግሩን ሁሉ «እስቲ» ብሎ ስለሚጀምር ጋሼ እስቲ እንለው ነበር። የደንን ነገ የሚተነብዩ የኮምፒዩተር ሞዴሎችን ይፈትሻል። ለሞዴሉ የድሮውን የሳተላይት ምስል ይሰጠውና የቅርቡን ይደብቅበታል። የቱ ጋ ተመነጠረ ብሎ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ከደበቀው ጋር ያስተያያል። ልጅ እንደሚያስጠና አባት ነበር፤ ልጅ ግን አልነበረውም።

ክፍሉ ከዕቃ ማከማቻው ቀጥሎ ነው፤ መስኮቱን ሲከፍት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ታናሽ እህቱ እየደወለች «ወንድም ጋሼ፣ በቃ ኮምፒዩተሩን አግባውና ገላግለን» ትለዋለች። ይስቃል። ስልኩ ሲዘጋ ሳቁም አብሮ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ከመቶ ዘጠና አራት ያገኘ ሞዴል መጣና ቢሮው ደስታ በደስታ ሆነ። የደን ጠባቂዎች የሚመደቡት እሱ በጠቆመው ቦታ ሊሆን ነው። ጋሼ እስቲ ግን «ምንም አይለወጥም» ከማለት ሌላ የማያውቅ አንድ ደደብ ትንበያ ሠርቶ አወዳደረው። ደደቡ ዘጠና አምስት አገኘ። አብዛኛው ደን ከዓመት ዓመት እንዳለ ነዋ። መጥረቢያ የሚገባበትን ዳርቻ ሁለቱም አላዩትም፤ ጠባቂም አይቆምበትም ማለት ነው።

በስብሰባው ላይ ይህንኑ አስረዳ። ኃላፊው ሰምቶ ሲያበቃ፣ ይህን የምትለው አንተ ብቻ ነህ፣ ብትሳሳትስ አለው። ጋሼ እስቲ አልተከፋም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ።

«እስቲ እንግዲያው አንድ ሰው ስጡኝ። ሥራዬን ከሥሩ ጀምሮ ይየው።»

«ጋሼ፣ ፈታሹን የሚፈትሽ ካመጣን፣ እሱንስ ማን ሊፈትሸው ነው?» አለ ኃላፊው።

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ፤ ሞዴሉም ጸደቀ።

እውነትን ብቻውን የያዘ ሰው፣ የያዘው እውነት ይሁን ቅዠት በምን ይለያል? ያንኑ ሙከራ ለዓመታት ሲደጋግመው አየው ነበር። እልኸኛ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ራሱን የተጠራጠረ ይመስለኛል።

ጡረታ ሲወጣ ምን እንግዛልህ ተባለ። አንድ ሰው ያን ሥራዬን አንብቦ፣ ተሳስተሃል ወይም አልተሳሳትክም ይበለኝ፣ ሌላ አልፈልግም አለ።

የግድግዳ ሰዓት ተገዛለት።