የሰመጠችው ጀልባ ወረቀት

“መቼም እግርሽ ቤት አያውቅም፤ እስኪ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይሂድ!” አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ስላላገኘሁ ዙረት አብዝቻለሁ፤ አልዋሸችም።

ቁም ነገሩ የአባቷ፣ የአያቴ የካሳ ጉዳይ ነው። አክስቴ በተወለደች ሰሞን የእናቷ ጡት ቢደርቅ፣ ካሳ ፎገራ ወርዶ የምትታለብ ላም ገዛ። ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ከነላሙ የተሳፈረባት ጀልባ ጣና ላይ ሰመጠች፤ አስከሬኑም አልተገኘም። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ፍትሐት ሳይደረግለት ቀረ። አሁን አክስቴ ታማለች፤ ፍትሐቱን ሳታይ መሞት አትፈልግም። በጀልባዋ የሞቱትን ሰዎች ስም የያዘ ወረቀት ሐይቁ ዳር ካለ ደብር እንዳለ ሰምታ ላከችኝ።

ወረታ

ከባሕር ዳር በጠዋት በአውቶቡስ ተነሣን። ሐሙሲትን ስናልፍ መሬቱ ዝርግት አለ፤ ግራ ቀኙ ሩዝ፣ መሀሉ ላይ ሆዳቸው ድረስ ውኃ ውስጥ የቆሙ ከብቶች። ወረታ የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ በላሁ። እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፣ ዓሣው ግን ጣት ያስልሳል። ከዚያ በጋሪ፤ ጋሪው ጭቃ ሲፈራ በእግሬ።

ሐይቁ ዳር

የደብሩ መሪጌታ ወረቀቱን ከቤታቸው ጣሪያ ወራጅ ላይ በቆዳ ማኅደር አንጠልጥለውታል፤ ጎርፍ እንዳይደርስበት።

“ጎርፍ ሲመጣ እሱ መጀመሪያ ከብቱን ያወጣል፣ ቀጥሎ ይሄን ወረቀት” አሉኝ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ። “እኔ ተራዬ ሲደርስ ውኃው ጎድሏል!”

“አንቺማ ዋና ታውቂያለሽ” አሉ መሪጌታው።

ቀለሙ የደበዘዘውን ገጽ ሁሉ በእጃቸው እንደገና ጽፈውታል። ደርግ የወደቀ ሰሞን ሰው እህሉን ሲደብቅ፣ እሳቸው የደበቁት ይህንን ነው። እኔ የትምህርት ማስረጃዬን እንኳ ሁለቴ የጣልኩ ሰው ነኝ።

“ካሳ የሚል ይፈልጉልኝ።”

“ካሳ የመንደር ስም ነው፤ እዚህ አይገባም። ያለው ሲሰምጡ ለጸሎት ብለው የጮኹት የክርስትና ስም ብቻ ነው።”

“ታዲያ የእኔን ሰው በምን ልለየው?”

“ከሞት የተረፉት ያዩትን አስጽፈዋል። ምን ይዞ ነበር?”

“ላም።”

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ወረደና ቆመ። “ወልደ ኪዳን። የላሟን ገመድ ልቀቅ ቢሉት፣ ልጄስ ብሎ አልለቀቀም።”

እትዬ ጥሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ለአንድ ቀን ይስጡኝ፤ ባሕር ዳር ፎቶ ኮፒ አንሥቼ ልመልስ” አልኩ።

“ጀልባዋም ባሕር ዳር እሄዳለሁ ብላ ነው የቀረችው። አይወጣም! ስሙን ግን በቃልሽ ያዢው። ድገሚ።”

ደገምኩ። ሦስቴም አስደገሙኝ።

ከአጥሩ ወጥቼ ጫማዬን አወለቅሁ። መሪጌታው ከኋላዬ ተጣሩ፦

“ማን አልሽ?”

“ወልደ ኪዳን!” ብዬ ጮህኩና ጭቃው ውስጥ ገባሁ።