ላስቲክ ውስጥ የገባው የገዲሴ ቆሎ

ገዲሴ ጀሞ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሎ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። የድሮው ባለሱቅ ለቀቀና ናዝሬት የምትባል ወጣት ሱቁን ተከራየችው። በማግስቱ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቀለ። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው ገዲሴ ፊደሎቹን ብትለይም ትርጉሙ አልገባትም። በረንዳውን ልቀቂ የሚል ቢሆንስ?

«ምን ይላል ልጄ?»

«ስናክ ነው የሚለው፣ እትዬ ገዲሴ። መክሰስ እንደማለት።»

«መክሰስ ከሆነ መክሰስ አትይውም ነበር?»

ናዝሬት ሳቀች። «ቃሉ ከሆላንዶች የመጣ ነው ይባላል። ድሮ ውሻ ላፍ አድርጎ ሲነክስ ነበር እንዲህ የሚሉት። ለአፍ ማሟሻ የሆነው ቆይቶ ነው።»

«ታዲያ ተነካሿ ማን ልትሆን ነው?»

«ኧረ እትዬ!»

«እሺ፣ ያ የምትሸጪው ቺፕስስ?»

«እሱ የእንጨት ስንጣሪ ማለት ነበር። ብስኩት ደግሞ ሁለቴ የበሰለ።»

«የኔ አንዴ ነው የሚቆላው፤ ገብሱን ግን ቀድሜ...» ብላ ገዲሴ አፏን ያዘች። ልጅቷ በወሬ እያዋዛች ሙያዋን ልታወጣጣት ይሆናል። ሰው ሊያባርርሽ ሲያስብ መጀመሪያ እንዲህ ይወዳጅሻል።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች የመስታወት መደርደሪያ ተሸክመው መጡና ልክ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አቆሙት። ገዲሴ ሰፌዷን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ናዝሬት ከውስጥ ወጥታ። «ይሄ እኮ ለእርስዎ ቆሎ ነው! እርስዎ ውስጥ ተቀምጠው በላስቲክ ያሽጉ፣ እኔ ልሽጥ፤ ትርፉን እንካፈላለን።»

«ምርቃቱስ?» ገዲሴ በስኒ ከሰፈረች በኋላ እፍኝ ሳትጨምር ደንበኛ ሸኝታ አታውቅም።

«የታሸገ ነገር ምን ምርቃት አለው?»

ገዲሴ ሰማዩን አየች። ክረምቱ ተቃርቧል፤ ከዚህ በረንዳ ሌላ መጠለያ የላትም። ገባች።

ከዚያ ወዲህ ላስቲኩን ከማሸጓ በፊት እፍኙን ትጨምራለች። አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩ በፍቃዱ፣ የጥንት ደንበኛዋ፣ ላስቲኩን ከግራ ከቀኝ አገላበጠው።

«ምርቃቴስ?»

«ውስጡ አለ።»

«አዬ ገዲሴ! ስናክ ሆነሽ ቀረሽ በቃ።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ላስቲኩን የሚያየው እሷ ሰሌዳውን በጥርጣሬ ታይ እንደነበረው ነው። ሌላ ላስቲክ ቀደደችና እፍኝ ሙሉ አፈሰችለት። ያን ጊዜ ሳቀ።

ናዝሬት ከመደርደሪያው ወዲያ ሆና ሁሉንም አየች። ምንም አላለችም።

ዝም ያለችው ልታባርረኝ አስባ ይሆን ብላ ገዲሴ ዛሬም ትጠረጥራለች።