አባባ አልለቅም ያለው ባቡር

ትናንት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሳሰጣ ቀላል ባቡሩ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ፣ በዚህ ዕድሜዬ መቆንጠጫውን ጥዬ ወደ ሐዲዱ አንገቴን አሰገግኩ። ምን ላድርግ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኛ! ጥሩምባ ስሰማ ዛሬም ልቤ ድው ድው ይላል።

አባባ ለገሃር ጣቢያ ባቡር የሚለቀው ሰው ነበር። ያኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ በዘነበ ቁጥር ባልዲና ሳፋ በምንደረድርበት ቤት ነበር የምንኖረው፤ ጎረቤቱ ግን ባቡሩ የአባባ የግሉ ይመስል ያከብረው ነበር። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚሄደውም የሚመጣውም በዚያው ነው፤ የሚቀጥለው ጣቢያ በስልክ «መንገዱ ነፃ ነው» ሳይል፣ አባባም ቃሉን መልሶ ሳይደግምና ሰዓቱን መዝገብ ላይ ሳይጽፍ፣ ንጉሥ ቢሳፈር እንኳ ባቡር አይነቃነቅም። ይኸንኑ ሥርዓት ግቢያችንም አምጥቶት፣ የጋራው ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ዱላ ሰቅሎ፣ እሷን ያልያዘ እንዳይገባ አወጀ፤ ጎረቤቱም እየሳቀ ለመደው።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ድሬዳዋ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እዚያው ልትዳር ሆነ። አባባ ተረኛ ስለነበር ቀረ፤ እኔና እማዬ ተሳፈርን። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አዲስ ጫማዬን ተጫምቼ፣ የድፎ ዳቦውን ዘንቢል አቅፌ መስኮት ዳር ተሰየምኩ።

ሰዓቱ ደረሰ፣ ባቡሩ ግን ፍንክች የለም። ለካስ የስልኩ ሽቦ ተበጥሶ የሚቀጥለው ጣቢያ ድምፅ ጠፍቷል። ካልተቀጠለ ጉዞው ይሰረዛል ተባለ፤ ሠርጉ ደግሞ በማግስቱ ነው! እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከአንደኛ ማዕረግ አንድ ከረባት ያሰሩ ሹም ወርደው፣ ዛሬ በዓል ነው፣ በበዓል የጭነት ባቡር መጥቶ ያውቃል ወይ ብለው አባባ ላይ ጮኹበት። እውነታቸውን ነው፣ መጥቶ አያውቅም። እኔም ዘልዬ ወርጄ እጁን ያዝኩና፣

«እህቴን አትወዳትም!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።

አባባ ላቡን ጠረገ። «ሲፈቀድልኝ ነው የምፈቅደው፣ ልጄ። ግቢና ተቀመጪ።»

ጠላሁት። ለዚያች ግማሽ ሰዓት አባቴን አምርሬ ጠላሁት።

ድንገት ከማዶ ጥሩምባ ተሰማ። ልንሄድበት በነበረው ሐዲድ፣ አይመጣም የተባለው የጭነት ባቡር እየተግተለተለ መጥቶ ከጎናችን ገባ። የዚያኛው ጣቢያ ሰው ስልኩ እምቢ ቢለው ጊዜ፣ «እሱ ሳይፈቀድለት አይለቅም» ብሎ አባባን ተማምኖ ለቆት ኖሯል! ሹሙ ተመልሰው ገቡ። እማዬ ልደታ ማርያምን እየጠራች እኔን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ሽቦው ተቀጥሎ ስልኩ ሲጮህ አባባ ቃሉን ደገመ፣ ጻፈ፣ አረንጓዴውን ባንዲራ አነሳ። እኔ በመስኮት ልወድቅ እስክደርስ «አባባ! አባባ!» እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ፤ እሱ ግን ዓይኑ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ነበር። ደንቡ ነው፤ ባቡሩ ሙሉውን በደህና መውጣቱን፣ ጭራው እስኪያልፍ ቆሞ ማየት አለበት። እኛ እስክንታጠፍ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሠርጉ ላይ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ጨፈርኩ።

አባባ ካረፈ፣ ያ ቤትም ከፈረሰ ስንት ዘመኑ። ልጆቼ ደጎች ናቸው፤ ልጠይቃቸው ሄጄ ስወጣ በር ላይ አቅፈው ይስሙኛል። ከዚያ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳልጨርስ በሩ ሲዘጋ እሰማለሁ።