በእናቴ ቆጮ ላይ የፈሰሰው መድኃኒት

ወታደሮች በእናቴ የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አፍስሰዋል፤ ማንንም ሳይጠይቁ። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ነገሩን ያስታወሱኝ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ዲላ፣ ደጄ ያለውን ቦይ ሊያጸዱ የመጡ ወታደሮች ናቸው። የመድኃኒቱ ሽታ ወደ ልጅነቴ መንደር፣ ወደ ቡሌ ወሰደኝ።

ያኔ ከቤታችን በላይ የጦር ሰፈር ነበር። ወታደሮቹ በየክረምቱ ከእኛ ጋር ችግኝ ይተክላሉ፤ ደግ ሥራ ነው። አንድ ዓመት ተቅማጥ ገባና ከችግኙ ጋር የአካባቢው ጤናም ይጠበቅ ተባለ። ወታደሮቹ፣ እንሰት የማያውቁ የሰው አገር ልጆች፣ በየጓሮው ቆሻሻ ፍለጋ ወረዱ። እኔና እናቴ ከገበያ በጭቃው መንገድ ስንመለስ፣ የጉድጓዱ ቅጠል ተገልጧል፣ ዓይን የሚያቃጥል ነገር ፈሶበታል። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እስኪደርስ ይኮመጥጣል፤ ለማያውቀው ይሸታል። የክረምት ቀለባችን ግን እሱ ነበር።

እናቴ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ጦር ሰፈሩ ድረስ ሮጬ አዛዣቸው ሻምበሉ ፊት ቆምኩ።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው ምግባችንን የመረዛችሁት?»

«የምን ምግብ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ያለውን!»

መድኃኒቱን ካፈሰሱት አንዱ የሆነው የሰፈሩ በረኛ ሳቀ። «ያ ይበላል እንዴ? እኔ የሞተ ውሻ መስሎኝ!»

«የሞተ ውሻ በቅጠል ጠቅልሎ የሚቀብር ያንተ አገር ነው?» አልኩት። ሻምበሉም ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ መልስ ግን አልሰጠኝም።

በማግስቱ ስንዴ ላከልን። «በቃ ልጄ፣ ካሱን እኮ» አለች እናቴ። ስንዴው ሆድ ይሞላል፤ ጥያቄዬን ግን አይመልስም። የችግኝ ተከላው ቀን የመንደሩን ሴቶች አሳመንኩና ሁላችንም ችግኛችንን ታቅፈን ቁጭ አልን።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«መልስ።»

ያን ቀን መለሰ፤ እኛም ተነስተን ተከልን። ከዚያ ወዲህ ወታደር ያለ ቤቱ እመቤት ፈቃድ ጓሮ አልገባም። እናቴም አብራቸው እየዞረች ምግቡንና ቆሻሻውን ለየችላቸው፤ እግረ መንገዷንም ከምንጫችን በላይ የቆፈሩትን የራሳቸውን ሽንት ቤት አሳየቻቸው። ደፍነው ሌላ ቦታ ቆፈሩ።

ዛሬ አርጅቻለሁ፣ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። የስንዴውን ጣዕም ረስቼዋለሁ። ሰው የተበደለውን ሲክሱት ይጠግባል ይላሉ፤ እኔን ያጠገበኝ ግን ሻምበሉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ መንደርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ለእናቴ የተናገረው ነው።

«እናቴ፣ ማንንም አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»